የተመለሰ ወይን

የካቲት 4

ስልክ ሳነሳ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ ዳቦ ውስጥ ክር አገኘሁ አለች። አንዱ ደግሞ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ዝንብ በዝቶበታል ይላል... የራሱን ስም አይናገርም፣ የሥጋ ቤቱን ግን ከነምልክቱ ይናገራል። ከምሳ በኋላ የእጅ መታጠብ ፖስተር። ኃላፊያችን የሳሙናው ሥዕል ይነስ አለ። አሳነስኩት። ከዚያ ይተልቅ አለ። «ቆይ እስቲ» የሚል ቅጽል ያወጣንለት በከንቱ አይደለም። ሰላምታው ሳይቀር በዚያ ነው የሚጀምረው። ቆይ እስቲ፣ እንደምን አደራችሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው። የምግብ ቁጥጥር ያገኘውን ለሕዝብ መንገር፣ ሕዝብ ያለውን ለምግብ ቁጥጥር መንገር። ሁለቱም ወገን አይወደኝም።

ስመለስ ወንድም ጋሼ ጋ ጎራ አልኩ። ማሳው ውስጥ የወይን ሐረግ ሲገርዝ አገኘሁት። የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ቀልዱ ጨምሯል፤ የሚስቅለት ሰው ስለበዛ ይሆን? ስለ ፖስተሩ ስነግረው በሳቅ ሞተ። «እንግዲህ ስምሽ ሳሙና ነው» አለኝ። ሚስቱ፣ እትዬ፣ ራት አቀረበችልን። እሱ ሁለቴ ጎርሶ ተወው። አፌ ብረት ብረት ይለኛል አለ። ወይኑን ግን ጠጣ።

የካቲት 6

ኬሚስቷ ከምድር ቤት ላቦራቶሪዋ ወጥታ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ይሄ ሆኖ አያውቅም። በሩን ዘጋች። ከማኅበሩ መጥመቂያ በመጣው ወይን ጠጅ ውስጥ መርዝ አለ አለችኝ።

«ማን ጨመረው?» መጀመሪያ ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

«ማንም። ሻጋታ ነው።»

ለቀማው ላይ ዝናብ ሲመጣ ዘለላው ይሻግታል። ሻጋታው መርዝ ያመነጫል። ሲጠመቅ ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል። አይሸትም፣ አይጎመዝዝም፣ ብታፈላውም አይለቅም። አንድ ብርጭቆ የጠጣ ሰው ምንም አይሆንም። በየቀኑ፣ ለዓመታት የጠጣ ግን... ኩላሊት።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ዝናቡ ለቀማ ላይ መምጣት ለምዷል። አምና ደግሞ የባሰ ነበር። ጭቃው ውስጥ ቅርጫት ይዤ እኔም ለቅሜያለሁ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ባልሆን በዚህ ጉልበቴ ደረጃ እወጣለሁ?»

ቆይ እስቲ ዘንድ አብረን ገባን። ሰማ። የብዕሩን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። «ቆይ እስቲ... ምርመራው ይደገም።» ይደገም እንግዲህ። ልክም ነው። ግን ፊቱ ላይ ያየሁት ጥንቃቄ አልነበረም። ተስፋ ነበር። በሁለተኛው ይጠፋል የሚል።

የካቲት 14

ተደገመ። ያው ነው።

የካቲት 15

«ለሕዝብ ከመናገራችን በፊት ባለድርሻ አካላትን እናወያይ።» ቆይ እስቲ ነው።

ባለድርሻ... ይሄን ቃል ስንቴ ጽፌዋለሁ፤ ትርጉሙን ያሰብኩት ዛሬ ነው። ገበሬው ባለድርሻ። መጥመቂያው ባለድርሻ። ነጋዴው፣ ባለሆቴሉ። የሚጠጣው ሰው ግን አልተጠራም። የእሱ ድርሻ መጠጣት ነው መሰለኝ።

ገበሬዎቹን ወክሎ የሚመጣው ሊቀ መንበሩ ነው። ወንድሜ። አስቀድሜ ልንገረው? እስከ ስብሰባው ለማንም እንዳይወጣ ተብለናል። ደግሞ ቢነግራቸውስ? ደግሞ በስብሰባው መሃል ከባዕድ አፍ ቢሰማውስ?

አልነገርኩትም።

የካቲት 20

ስብሰባው ዛሬ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ብቻ። ኬሚስቷ ተናግራ ስትጨርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንጫጩ። የመጥመቂያው ሥራ አስኪያጅ ስለ መርዙ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ስለ ቃሉ ግን...

«መርዝ አትበሉ እንጂ! መርዝ ሲባል እኮ ሰው የአይጥ መርዝ ነው የሚመጣበት።»

«ታዲያ ምን እንበለው?» ኬሚስቷ።

«ብክለት።»

ነጋዴው ብክለትም ይከብዳል አለ። ሲጎትቱት ሲጎትቱት «የጥራት ጉድለት» ላይ ቆሙ። መርዝ ሆኖ ገብቶ የጥራት ጉድለት ሆኖ ወጣ። መጥመቂያው ያለውን ክምችት ለጊዜው አይሸጥም። መግለጫውን እኔ እጽፋለሁ።

ወንድም ጋሼ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰነበተ።»

«ቤቴ መጥተሽ ስትበዪ ታውቂ ነበር?»

«ያን ቀን አላውቅም ነበር ወንድም ጋሼ። ከዚያ በኋላ ነው።»

«ከዚያ በኋላስ እግርሽን ምን ያዘው?»

ባርኔጣውን አድርጎ ወረደ።

የካቲት 22

መግለጫው በሬዲዮ ተነበበ። «መጠነኛ የጥራት ጉድለት በመታየቱ...» እጄ የጻፈው ነው፤ ጆሮዬ ግን የእኔ ነው ለማለት አፈረ። ኬሚስቷ ኮሪደር ላይ አልፋኝ ሄደች። ሰላምታ እንኳ የለም።

የካቲት 25

ስልኩ ሲጮህ ዋለ። ግማሹ የሚጠይቀው ጉድለት ያለበት ወይን በቅናሽ ይሸጣል ወይ ነው። ምን ያድርጉ? ያልኳቸውን ነው የሰሙት።

አንዲት ሴት ግን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ...

«የቤታችንንስ መርምራችሁታል?»

«የቤት ያሉት የቱን ነው?»

«መጥመቂያው የመለሰብንን ነዋ። የት እንደፋዋለን?»

ዘጋችው። የስልኩን እጀታ ይዤ ቀረሁ። እዚያው ያደግኩ ሰው! እንዴት ሳስበው ቀረሁ? መጥመቂያው ሻግቷል ብሎ የመለሰውን ዘለላ ገበሬ አይጥለውም። ቤቱ ወስዶ ለራሱ ይጠምቀዋል። ደህናው ለገበያ፣ የተመለሰው ለቤት። እኛ ያገድነው የሚሸጠውን ነው። የባሰውን እነሱ ሲጠጡት ከርመዋል። አሁንም፣ ይህን ስጽፍ፣ ይጠጡታል።

የካቲት 28

ከኬሚስቷ ጋር በየቤቱ እየዞርን ናሙና ለቀምን። «ይቅር ብዬሽ አይደለም» አለችኝ ገና መኪናው ሳይነሳ። «መንገዱን ስለምታውቂ ነው።»

አንዳንዱ በሩን አልከፈተም። መጋረጃው ሲነቃነቅ ግን እናያለን። አንዷ የእኛ ቤት ወይን ጠጥቶ አያውቅም አለች፤ ከኋላዋ ባሏ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። እሱም በብርጭቆው፣ እኛም በእሱ፣ ሁላችንም አፈርን። የከፈቱልን ደግሞ፣ የሚያሳዝነው፣ እንግዳ ናችሁ ብለው ይቀዱልናል።

የወንድም ጋሼ ቤት መጨረሻ ነበር። ጓሮ ያለው ትልቁ በርሜል፣ አባታችን የተወለት። ቧንቧውን ራሱ ከፈተ። ጠርሙሳችንን ሞላልን።

«ውሰጂ። መርምሪ። ስትጨርሺ ወንድምሽን ክሰሺው።»

«ማንም ማንንም አይከስም።»

ለራሱ ደግሞ ቀዳ። ዓይኔን እያየ እስከ ታች ጨለጠው። እትዬ ከኩሽና በር ላይ ሆና አየችን፤ እኔ ሳያት ዓይኗን ወደ እግሩ መለሰች። የጫማው ክር አልታሰረም። እግሩ አብጧል።

መጋቢት 6

ውጤቱ መጣ። የቤቱ ወይን ከመጥመቂያው ብዙ እጅ ይብሳል። ሁሉም ቤት አይደለም፤ ብዙው ግን። የወንድሜ ከከፉት መሃል ነው።

ለየቤቱ በአካል እንድንነግር ቆይ እስቲን አስፈቀድን። ወንድም ጋሼን እኔ ልንገረው ብዬ ሄድኩ። አጥር ሲጠግን ነበር። ሚስማሩን ከአፉ ሳያወጣ ሰማኝ።

«አባባ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣው ምን ነበር ታዲያ? ወተት?»

«በአባባ ጊዜ ዝናቡ ለቀማ ላይ አይመጣም ነበር።»

«አሁን ደግሞ ጥፋቱ የዝናቡ ሆነ!»

«ሐኪም ቤት እንሂድ። እግርህን ይዩልህ።»

«እግሬ ቆሞ በመዋል ነው ያበጠው። የገበሬ እግር አይተሽ አታውቂም? ከተማ ገባሽና ረሳሽ?»

እትዬ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ጠዋት ጠዋት ፊቱም ያብጣል አለች። ሽንቱ አረፋ ያወጣል። ምግብ ካየ ያቅለሸልሸዋል። «እኔ ብነግረው አይሰማኝም፤ አንቺን ይሰማሻል ብዬ ነበር።» እኔን? አሁን ከሰው ሁሉ ጠላቱ እኔ ነኝ።

መጋቢት 10

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሕዝቡን ሰበሰብን። ቆይ እስቲ ሊመጣ ነበር... አሞኛል አለ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መጣች፣ ኬሚስቷ መጣች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንድም ጋሼ ከፊት።

ጽሑፌ ላይ የጥራት ጉድለት ይላል። እንዳለ አነባለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። ግን ከፊት የተቀመጡትን አየሁ። አብረውኝ ያደጉ ናቸው። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«የቤታችሁ ወይን ውስጥ መርዝ አለ» አልኩ። «አትጠጡት።»

ከዚያ በኋላ የኔን ድምፅ እኔም አልሰማሁትም። ወንበር ወደቀ። «ማን ከፍሎሽ ነው?» አለ አንዱ። «ከውጭ የሚመጣውን ወይን ሊሸጡልን ነው!» አለ ሌላው። ጢማሙ ባለ ጋሪ እስከ መድረኩ መጥቶ እግሬ ሥር ተፋ። ኬሚስቷ ስለ ሻጋታው ልታስረዳ ተነሳች፤ ማይኩ ጮኸ፤ ሳቁባት።

ወንድም ጋሼ ሲነሳ ጸጥ አለ።

«ይቺን ሴት የማውቃት ይመስላችኋል» አለ። «እኔም ይመስለኝ ነበር። እንሂድ።»

ወጣ። ተከትለውት ወጡ። የወንበሩ ድምፅ ገና ጆሮዬ ውስጥ አለ። የቀረነው እኔ፣ ኬሚስቷ፣ ነርሷ፣ አንዲት ደንቆሮ አሮጊት፣ በሩን ሊዘጋ ቁልፍ የሚያንቀጫቅጨው ዘበኛ። አሮጊቷ አጠገቤ መጥታ «ምን አልሽ ልጄ?» አለችኝ።

መጋቢት 11

የቢሮዬ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ቆይ እስቲ ራሱ ካርቶን ለጠፈበት። «ምነው ወረቀቱን አንብበሽው ቢሆን» አለ። ሌላ አልጨመረም።

መጋቢት 16

ነርሷ መጣች። ወሬ አታበዛም። «እኛ ስንናገር የሚሰሙት ስለ ወይናቸው ነው። ስለ ወይናቸው ማንም እንዲናገራቸው አይፈልጉም። ስለ ኩላሊታቸው ግን ማን ተናገራቸው?»

የሚመጣው ቅዳሜ ጤና ጣቢያው ለፈለገ ሁሉ ደምና ሽንት ይመርምር አለች። ስለ ወይን አንድ ቃል ሳንናገር። የጠየቀንን እንመልሳለን።

እንዴት ይሄ ቀድሞ አልመጣልኝም? እኔ የማውቀው መግለጫ ነው... ፖስተር፣ ማይክ። ሰውን ሰብስቦ መንገር። ሰው መጥቶ እንዲጠይቀኝ አድርጌ አላውቅም።

መጋቢት 18

ለእትዬ ስልክ ደወልኩላት። ቅዳሜ አምጪው አልኳት። «እሞክራለሁ» አለች። ከኋላዋ ወንድም ጋሼን ሲያስለው ይሰማኛል።

መጋቢት 23

መጡ! መጀመሪያ ሴቶቹ። ከዚያ ሴቶቹ ያመጧቸው ወንዶች። ከዚያ ማን መጣ ማን ቀረ ሊያዩ የመጡ ወንዶች... እነሱም ሰልፉ ውስጥ ገብተው ተገኙ። ጢማሙ ሳይቀር መጣ። ሲያየኝ ዞረ። የሽንት ብልቃጥ ይዞ ኩራት ያስቸግራል።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ በአንድ እየመጡ አጠገቤ አረፉ። ልጄ ለወይን ጠጅ ገና ነው፣ ግን በውኃ ቀላቅለን እንሰጠዋለን፣ ምን ላድርግ? ኮምጣጤ ባደርገውስ ይጠፋል? ለከብት ብሰጠውስ? የማውቀውን መለስኩ። የማላውቀውን ኬሚስቷን ጠየቅኩላቸው። ማንም አልጮኸብኝም። በስብሰባው ያን ሁሉ የጮኹት እነዚህ ናቸው?

ጥቂት ሰዎች ላይ ነርሷ ያልወደደችው ነገር ተገኘ። ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው።

እትዬ መጣች። ብቻዋን። «እምቢ አለኝ» አለች። ራሷም አልተመረመረችም። ተመልሳ ሄደች።

መጋቢት 27

ወንድም ጋሼ ማሳው ውስጥ ወደቀ። ጎረቤቶች በጋሪ ነው ያመጡት። በጢማሙ ጋሪ።

ሆስፒታል ስደርስ ፊቱ ተነፍቶ ሌላ ሰው መስሏል። ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል አሉ። እጥበት ጀምረውለታል። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ወይኑ ነው ወይ? መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ሊሆን ይችላል። የደም ግፊቱም ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ነው። እሱ ብቻውንም ኩላሊት ይጨርሳል። ሁለቱም ይሆናል። የትኛው ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ከእንግዲህም ማወቅ የሚቻል አይመስለኝም።»

ሚያዝያ 2

ዛሬ ትንሽ ተሻለው። እትዬ ውኃ ልታመጣ ወጣች። ብቻችንን ሆንን። ሳሙና አለኝ። ሳቅሁ... ዕንባዬ ቀደመኝ።

«ስሚኝ» አለ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ነው የሚመስለው። «ሰዎቹን ከአዳራሹ ይዣቸው የወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እሱን ተወው አሁን።»

«አልተወውም። መልሰሽ አስገቢልኝ። ወይኑ ነው የገደለው በያቸው። እኔን ያውቁኛል። እኔን ካዩ ይተዉታል።»

ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከልኩ።

«ምነው? መርዝ ነው ብለሽ ስትጮሂ አልነበር? ይኸው አመንኩሽ። በይልኝ።»

«ሐኪሙ አላወቀም ወንድም ጋሼ። ግፊቱም ሊሆን ይችላል። የማላውቀውን...»

«ሐኪም ነው የጠየቅኩሽ?»

«መርዝ እንዳለው እነግራቸዋለሁ። አንተም ትጠጣ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ገደለው ማለት ግን አልችልም። አላውቅም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አላውቅም» አለ፣ ቃሉን እንደ መቅመስ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እትዬ ውኃውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ?

ሚያዝያ 5

ሄድኩ። ተኝቷል አሉኝ። ዓይኑ ከሽፋኑ ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁት። አልተኛም።

ሚያዝያ 9

ሞተ።

ሚያዝያ 10

ቀበርነው። እትዬ እጄን አልያዘችም።

ሚያዝያ 16

ከተማው ሌላ ሆኗል። ሊቀ መንበሩን ወይኑ ገደለው ይላል ሁሉም። አውቶቡስ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ። ትናንት ወጣቶች የመጥመቂያውን በር ሰብረው ገብተው በርሜል ፈንክተዋል፤ ሥራ አስኪያጁ በጓሮ አጥር ዘሎ አመለጠ። ዘበኛውን ግን ደበደቡት። እሱ ምን አደረገ? ክንዱ ተሰብሯል።

ቆይ እስቲ ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ይሄም ሆኖ አያውቅም። ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ...

«ቆይ እስቲ፣ እንዳታዝኚብኝ። ሕዝቡ አሁን ሊሰማ ዝግጁ ነው። የወንድምሽን ፎቶ ፖስተር ላይ ብናደርገው። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።»

«ምን የሚል?»

«ያው... ሁሉም የሚለውን።»

«የጥራት ጉድለት» ያስባለኝ ሰው! ያኔ ያለውን እንዳልል፣ አሁን የሌለውን እንድል። አይሆንም አልኩት። ምክንያቱን ጠየቀኝ። ነገርኩት። መርዙ እውነት ነው፤ ወንድሜን እሱ ለመግደሉ ግን ማረጋገጫ የለንም። ነገ አንድ ሐኪም ግፊት ነው ቢል፣ መርዙም ውሸት ነበር ይላሉ።

ብዕሩን ከፈተ። ዘጋ። «እሺ» አለ። ያለ ቆይ እስቲ።

ማታ አልጋ ላይ ግን... እሺ ብዬው ቢሆን ምን ነበረበት? ሊሞት ያለ ሰው የለመነኝን። ምናልባት እውነት ነበር እኮ። ምናልባት አንድ ቃል ብናገር ደስ ብሎት ይሞት ነበር። ለምን ያን ያህል ጠነከርኩ? ለሰዎቹ ብዬ? ወይስ ስንት ጊዜ እንዳላመነኝ ትዝ ብሎኝ? አላውቅም። ይሄንንም አላውቅም።

ሚያዝያ 24

ያው አዳራሽ። ከበፊቱ ይልቅ ሞላ፤ በመስኮት የቆሙም አሉ። ቆይ እስቲ ከጎኔ ተቀመጠ። ከፊት ባለው በወንድም ጋሼ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። እትዬ ከኋላ፣ ጥቁር ለብሳ።

ገና አፌን ሳልከፍት ጢማሙ ተነሳ።

«ወይኑ ነው የገደለው! በይና ጨርሺ!»

«እህቱ ነሽ! በይው!» ከየአቅጣጫው።

«አላውቅም» አልኩ።

ጉምጉምታው አዳራሹን አናወጠው። አንዷ «ፈርታ ነው፣ መጥመቂያው ገዝቷት ነው!» አለች። ያኔ ነጋዴ ገዝቷት ነው ተባልኩ፣ አሁን መጥመቂያው። ስንቱ ገዛኝ?

ጠበቅኩ። አልጮኽኩም። ሲቀዘቅዝ ቀስ ብዬ ተናገርኩ። ወንድሜ ይሄን ወይን በየቀኑ ይጠጣ ነበር። ወይኑ ውስጥ መርዝ አለ፤ ኩላሊት ይጎዳል። ግፊትም ነበረበት፤ እሱም ኩላሊት ይጎዳል። የትኛው እንደገደለው ሐኪሙ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። «ይህን የምነግራችሁ መርዙን ላሳንስላችሁ አይደለም። የማላውቀውን አውቃለሁ ካልኳችሁ፣ ነገ የማውቀውን ስነግራችሁ በምን ታምኑኛላችሁ? የማውቀውን አንዴ በጥራት ጉድለት ሸፍኜ ነግሬያችኋለሁ። ይበቃል።»

ቆይ እስቲ አንገቱን ደፋ።

ሰደቡኝ። ልበ ድንጋይ ነች አሉኝ። ወንድሟን እንኳ... አሉኝ። ግን ማንም ተነስቶ አልወጣም። ተቀምጠው ሰደቡኝ። ከዚያ አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለንን የት እንድፋው አለ። ኬሚስቷ መለሰች። ሌላው የዘንድሮው ለቀማ ላይ ዝናብ ከመጣ ምን እናድርግ አለ። ሦስተኛው የተጎዳው ኩላሊት ይድናል ወይ አለ። ነርሷ ሁልጊዜ አይድንም አለች። ማንም አልጮኸባትም።

ስንወጣ እትዬ ሄዳለች።

ሚያዝያ 29

ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ከተላኩት አንዷ፣ ያቺ በስልክ «የቤታችንንስ» ያለችኝ ሴት መሆኗን ዛሬ አወቅሁ። በድምፅዋ ለየኋት። እጥበት ልትጀምር ነው። «ደውዬልሽ ነበር እኮ» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረበትም። እሱ ነው የጎዳኝ።

ግንቦት 3

ማዘጋጃ ቤቱ የቤቱን ወይን የሚሰበስብ ቦቴ መኪና ልኳል። በየደጁ ይቆማል፤ ሰው እየቀዳ ያመጣል። ሁሉም አላመጣም። አንዳንዱ በአንድ እጁ እየሰጠ በሌላው እየደበቀ እንደሆነ እናውቃለን። ጢማሙ ሁለት ጀሪካን በጋሪው አምጥቶ ሹፌሩ እግር ሥር አስቀመጠ። ጋሪውን አዙሮ ሄደ።

የወንድም ጋሼ በር ተዘግቶ ነበር። አናንኳኳም ብዬ ሹፌሩን እለፍ ልለው ስል እትዬ ከፈተች። ከስታለች። ሹፌሩን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

«አንቺ ግቢ።»

ጓሮ ሄድን። ቱቦውን ከበርሜሉ እስከ መኪናው ዘረጋነው። ሲፈስ ቆመን አየን። ብዙ ነበር። ሽታው ግቢውን ሞላው፤ ደስ የሚል ሽታ ነው፣ ክፋቱ እሱ ነው።

«በሩ ጋ ነበርኩ ያን ቀን» አለች። «ሲለምንሽ ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ወይኑ ነው የገደለው?»

«አላውቅም እትዬ።»

«ለእኔ ብቻ እንኳ? ማንም አይሰማም እኮ።»

ቧንቧው መንጠባጠብ ጀመረ። እሷ አየችኝ፣ ጠበቀችኝ።

«ለአንቺም አላውቅም።»

ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ነገር ብል ኖሮ ታውቅብኝ ነበር መሰለኝ።

«እኔ ግን ቀድቼለታለሁ» አለች። «በየቀኑ። ይሄን ደግሞ አውቃለሁ።»

አቀፍኳት። መጀመሪያ እንደ እንጨት ቆመች፤ ከዚያ ክብደቷን ሁሉ ጣለችብኝ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ቱቦው አየር ብቻ ነበር የሚስበው።

«ታቹ ቀርቷል» አለች ፊቷን በሻሿ ጠርጋ። «ያዢልኝ ያንን ጫፍ።»

በርሜሉን አዘነበልነው። የቀረው ጥቁር ሆኖ፣ ከአተላው ጋር፣ ባልዲ ውስጥ ወረደ። እስከ መኪናው አብረን ተሸከምነው።

ስወጣ በሩ ላይ ጠራችኝ።

«ለለቀማ ነይ። የሚጣለውን አብረን እንጥላለን።»

እሺ አልኩ።